ጳጉሜን 24

ይህን የምጽፈው መኝታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ከኋላዬ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር፣ የልጅ ልጄ ላፕቶፕ ተደብቋል። ያስደበቀችኝ ልጄ ናት። «እማዬ፣ አንቺ ጋ ይቀመጥ። እኔ ቤት ከሆነ የትም ብሸጉጠው ያገኘዋል» ብላ በፌስታል ጠቅልላ አመጣችው። የልጁ የሒሳብ ውጤት ወርዷል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲነካካ ይዛዋለች። ዕድሜው 13 ነው።

እስከዚህ ድረስ እናት ናትና መብቷ ነው፤ ተቀብዬ አስቀመጥኩ። ያስቸገረኝ ቀጥሎ ያለችው ነው። «አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ያምንሻል። ይሄ ነገር አንጎል ያበላሻል ብለሽ ንገሪልኝ» አለችኝ። እሺ ልላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ዘጋሁት። ይህንኑ ቃል ከ40 ዓመት በፊት፣ በሰው አገር፣ ለሌላ ልጅ አባት ተናግሬው አውቃለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ እሱን ነው።

በ1975 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ የዘጠኝ ወር የኅብረተሰብ ጤና ነርስነት ሥልጠና ዕድል አግኝቼ እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ ገባሁ። ገና 24 ዓመቴ ነበር። ሼፊልድ የብረት ከተማ ናት። ከጓዳችሁ የቆየ ቢላዋ ወይም ማንኪያ ካለ ገልብጣችሁ እዩት፤ የከተማዋ ስም ተቀርጾበት ታገኙ ይሆናል። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ግን የብረት ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ሠራተኛ እያሰናበቱ ነበር። በዚያው በፈረንጆቹ 1982 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ ሥራ ፈት ቁጥር ከ3 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ክፍል ያከራዩኝ ቤተሰብም ከእነዚሁ አንዱ ናቸው። አባትየው ከብረት ፋብሪካ ተሰናብቶ ቤት ውሏል። እናትየው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። አንድ የ12 ዓመት ልጅ አላቸው።

ሰውየው የስንብት ክፍያውን ሲቀበል ጣሪያውን አሳደሰ፣ ዕዳውን ከፈለ፣ ከቀረው ላይ ደግሞ ኮምፒውተር ገዛ። ስፔክትረም ይባላል። ክላይቭ ሲንክሌር የሚባል ሰው የካምብሪጁ ድርጅቱ ውስጥ አሠርቶ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ለገበያ ያወጣው ነው። አነስተኛው 125 ፓውንድ፣ ተለቅ ያለው 175 ፓውንድ ነበር። «የወደፊቱ ሥራ በዚህ ነው ይላሉ። እኔ ባልደርስበት ልጄ ይደርስበታል» ብሎ ነው የገዛው። እሱም መጀመሪያ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ሞከረና ተወው። ልጁ ግን ከዕቃው አልተነሣም።

ኮምፒውተር ስላችሁ አሁን የምታውቁት አይምጣባችሁ። ጥቁር፣ ከደብተር ብዙም የማይበልጥ፣ ቁልፎቹ እንደ ላጲስ የሚለሰልሱ ግራጫ ጎማ ናቸው። የራሱ ስክሪን የለውም፤ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። ቤቱ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ደግሞ አንድ ነው። ዜና ሲደርስ ጠብ ነው። የራሱ ማስቀመጫም የለውም፤ የተሠራው ሥራ የሚቀመጠው እኛ ዘፈን በምንሰማበት ተራ ካሴት ላይ ነው። መልሶ ለማንበብ ቴፑን ማጫወት ነው፤ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ያሰማል። አምስት ደቂቃ ያህል ተጠብቆ፣ የቴፑ ድምፅ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ እንደሆነ «የካሴት ንባብ ስሕተት» የሚል ጽሑፍ ይመጣና ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ትልቁ ዓይነት ሙሉ ማስታወሻው 48 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከዚያ 40 እጥፍ ይበልጣል።

ይህ በየቤቱ ኮምፒውተር የመነካካት ፍቅር የተጀመረው አሜሪካ ነው። በ1967 ዓ.ም.፣ እኛ አገር አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ፣ ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ ውስጥ ጥቂት ሰዎች አንድ ጋራዥ ውስጥ ተሰበሰቡ። በጊዜው አልቴር የሚባል፣ ገዢው ራሱ በዬዳ የሚገጣጥመው ኮምፒውተር ወጥቶ ነበርና ስለ እሱ ሊወያዩ ነው። ስብሰባው «ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ» የሚባለው ሆነ። በኋላ አፕልን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ ሥራውን ያሳየው ለዚሁ ክለብ አባላት ነበር። እንግሊዝ አገር ደግሞ በፈረንጆቹ 1981 ሲንክሌር ያወጣው ዜድ ኤክስ 81፣ ገዢው ራሱ ከገጣጠመው 50 ፓውንድ ብቻ ነበር። ማስታወሻው ስለማይበቃ ከኋላው ተጨማሪ ይሰካበታል፤ ጠረጴዛው በክርን ከተነካ ግን ተጨማሪው ይነቃነቅና የሁለት ሰዓት ልፋት ድርግም ይላል። በጥር 1982 ቢቢሲ ኮምፒውተርን ለሕዝብ የሚያስተምር የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጀመረ፤ በራሱ ስም የሚሸጥ ኮምፒውተርም አሠራ። የዚያ ሰሞን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ መደብር ገብተው፣ ለዕይታ በተቀመጠው ኮምፒውተር ላይ ሁለት መስመር ጽፈው ይሮጣሉ፦ «10፦ ስሜን ጻፍ። 20፦ ወደ 10 ተመለስ»። ሻጩ መጥቶ እስኪያጠፋው የልጁ ስም ስክሪኑን ሞልቶ ሲወርድ ይውላል።

ጨዋታ በካሴት ይሸጥ ነበር፤ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘብ የሌለው ልጅ መጽሔት ይገዛል። መጽሔቶቹ ፕሮግራሙን እንዳለ፣ መስመር በመስመር አትመው ያወጡታል። ልጁ ያንን እያየ ይገለብጣል። አንዲት ነጥብ ወይም ቅንፍ ከተሳሳተ አይሠራም። ልጁ ብቻውን ሲታገል አየሁና አንድ ማታ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እኔ መጽሔቱን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሱ ይመታል። ከዚያ እሱ ከስክሪኑ መልሶ ያነብልኛል፣ እኔ ከመጽሔቱ ጋር አመሳክራለሁ። ይህን ከየት አመጣሽው አትሉኝም? ከሥራዬ ነው። ነርስ ስትሆኑ አደገኛ መድኃኒት ለበሽተኛ ከመስጠታችሁ በፊት አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ ታረጋግጣለች። እንዲህ ስናደርግ ስሕተታችን ቀነሰ። ልጁም እኔም ደስ አለን።

አንድ ቀን «ለአንቺ ሥራ የሚሆን እንሥራ» አለኝ። ግሉኮስ ለታካሚ ስንሰቅል በደቂቃ ስንት ጠብታ መውረድ እንዳለበት ማስላት አለብን። ለምሳሌ 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት መግባት ካለበትና የሚንጠባጠብበት ቱቦ ለአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ፣ 1,000ን በ20 አባዝቶ ለ480 ደቂቃ ማካፈል ነው፤ 42 ገደማ ይመጣል። ይህን ነገርኩት፣ ጻፈው፣ ቁጥሮቹን አስገባን። ኮምፒውተሩ 2,500 አለ። በደቂቃ 2,500 ጠብታ! ሰውየውን በቁሙ ማስጠም ነው። ምን ሆነ ስንል፣ ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ቀይር ብለን አልነገርነውም፤ ለ8 ነው ያካፈለው። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ግን ልጁ ዝም አለና «2,500 ሲል ምንም አላፈረም» አለ። የ12 ዓመት ልጅ ያላት ያቺ ቃል በሥራ ዘመኔ ሁሉ ተከትላኛለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ክረምቱ ከረመ፣ ገንዘቡ አለቀ፣ የማሞቂያው ወጪ ከበደ። አባትየው ቀኑን ሙሉ ቤት ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቴሌቪዥኑን ይይዝበታል። አንድ ማታ ሻይ እየጠጣን ሳለ ሰውየው ወደ እኔ ዞረና «አንቺ የጤና ባለሙያ ነሽ። ይሄ ነገር ልጅ አይጎዳም? ዓይኑን፣ አንጎሉን?» አለኝ። እኔ ስለዚህ አንድም ነገር አልተማርኩም ነበር። ያን ጊዜ ማንም ያስተማረኝ የለም። ግን ነርስ ተብዬ ተጠይቄ «አላውቅም» ማለት ከበደኝ። ደግሞም እንግዳ ነኝ፣ ያከራየኝን ሰው ደስ ላሰኘው ፈለግሁ። «አዎ፣ ሲበዛ አንጎል ይጎዳል» አልኩት። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ግንቦት ላይ ኮምፒውተሩ ተሸጠ። ያን ሰሞን ድርጅቱ የአዲሱን ዋጋ ከ175 ወደ 130 ፓውንድ ገደማ አውርዶት ስለነበር ለአሮጌው የተገኘው ጥቂት ነው። ያሸጠው ችግር እንደሆነ አውቃለሁ። ለልጁ የተነገረው ግን «ነርሷ ራሷ ጎጂ ነው ብላለች» የሚል ነው። ችግራችን ነው ከማለት የእኔን ቃል መጥራት ለአባት ይቀላል። በሰውየው አልፈርድም። ቃሉን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ልጁ አላለቀሰም። በማግሥቱ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደብተርና እርሳስ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። ፕሮግራም ይጽፋል። «በምን ታሠራዋለህ?» ብለው «አንቺ ኮምፒውተሩን ሁኚ» አለኝ። ሆንኩለት። እሱ የጻፈውን እኔ መስመር በመስመር እያነበብኩ የታዘዝኩትን ብቻ እሠራለሁ። ደምር ሲለኝ እደምራለሁ፣ ተመለስ ሲለኝ እመለሳለሁ። ከታዘዝኩት በላይ እንዳላስብ ተነግሮኛል። ሁለት ወር ያህል እንዲህ አመሸን። በዚያ ሁሉ ማታ አንዴ እንኳ «ለአባትህ የነገርኩት የማላውቀውን ነው» አላልኩትም። ሐምሌ ላይ ወደ አገሬ ተመለስኩ።

በታኅሣሥ 1976 የገና ካርድ መጣልኝ። ውስጡ በእርሳስ፦ «10፦ መልካም ገና ብለህ ጻፍ። 20፦ ወደ 10 ተመለስ» ይላል። መልስ እጽፋለሁ እያልኩ ከረምኩ። ከዚያ 77 መጣ፤ ወሎ መጠለያ ተመደብኩ። የደረቁ ሕፃናት ላይ ግሉኮስ እየሰቀልኩ ጠብታ ስቆጥር፣ ያወጣሁትን ቁጥር ሁልጊዜ ለጓደኛዬ አነብላት ነበር። 2,500 ከአእምሮዬ አልጠፋም። ካርዱ ግን በዝውውር መሐል ጠፋ፤ አድራሻውም ከእሱ ጋር።

ከዓመታት በኋላ የመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊዎች በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ ሲጀምሩ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ አንዳንዶቹ ከሥራ ሰዓት ውጭ በየቤታቸው፣ ከ200 በላይ የሆነውን ፊደላችንን በ26 የእንግሊዝኛ ፊደል ቁልፎች ላይ ለማስማማት የደከሙት በዚያው ዘመን ነበር። ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለሠራው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣ ነበር። እኛም አንድ ሪፖርት ሁለቴ ሦስቴ አስጽፈናል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም መደብ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ዛሬ ለልጅ ልጃችሁ በስልክ «እንዴት አደርክ» ብላችሁ ስትጽፉ አሜሪካም ሆነ ዱባይ እንዳለ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚያም ሰዎች ሲጀምሩ «በዕቃ ይጫወታል» ያላቸው ሳይኖር አይቀርም።

እንግዲህ ልጄ «አንጎል ያበላሻል በይልኝ» ስትለኝ በሩ ላይ የቆመው ያ ልጅ ነው የታየኝ። «የኔ ልጅ፣ እሱን አልልም» አልኳት። «የማውቀውን ግን ልንገርሽ።»

የማውቀው ይህ ነው። የ13 ዓመት ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ያልተኛ ልጅ ጠዋት ሒሳብ አይገባውም፤ ላፕቶፕ ቢሆን መጽሐፍ ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ ማታ ስክሪን መኝታ ቤት አይገባም፤ የእናትና የአባት ስልክም ጭምር። ሰው ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን ቶሎ ቶሎ ስለማይጨፍን ዓይን ይደርቃል፣ ይደክማል፤ በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ በመስኮት ሩቅ ማየት ይረዳል። ትንንሾቹን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው፤ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን አይመከርም፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ይሻላል። እንጀራ ለማጉረስ ብላችሁ ስልክ ለምታስይዙ አያቶች ይህን ደግሜ እነግራችኋለሁ። ለ13 ዓመቱ ግን ከሰዓቱ ቁጥር እኩል «ምን እየሠራበት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ልጄን ይህን ስጠይቃት «እኔ ምን አውቄ፣ እማዬ፣ ሁሉም አንድ ነው የሚመስለኝ» አለች።

ቅዳሜ ዕለት ልጁ ብቻውን መጣ። «እማማ፣ አንቺ ጋ ነው አይደል?» አለኝ። አልዋሸሁትም። «አዎ፣ እኔ ጋ ነው። አልሰጥህም። እናትህ ያስቀመጠችውን በጓሮ በር አላወጣም» አልኩት። አያቶች፣ በዚህ ላይ ከእኔ ጋር ሁኑ። ልጅ በእናቱና በአያቱ መሐል ቀዳዳ ካገኘ ነገ በዚያው ቀዳዳ ከባድ ነገር ያሳልፋል።

ቀጥዬ «ሌሊት ምን ትሠራበት ነበር?» አልኩት። «እውነቱን?» አለ። «እውነቱን።» «ጌም። ግን ሁሌ አይደለም። አንዳንዴ ፓይተን እማራለሁ። ለአንቺ የመድኃኒት ነገር እየሠራሁልሽ ነበር፤ የግፊት ክኒንሽ የሚያልቅበትን ቀን የሚያወጣ።» ባለፈው መስከረም ክኒኔ አልቆብኝ ሁለት ቀን ሳልወስድ መቅረቴን ሰምቶ ኖሯል።

ከመሳቢያዬ ደብተርና እርሳስ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። «ጻፈው።» «በወረቀት?» «በወረቀት። እኔ ኮምፒውተሩን እሆናለሁ።» እያፌዘብኝ ጀመረ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ምላሱን ወደ ጎን አውጥቶ ይጽፍ ነበር። መነጽሬን አድርጌ መስመር በመስመር ሠራሁት። የጀመርኩበት ቀን ነሐሴ 25፣ ክኒኑ 30 ፍሬ። ወሩ 30 ሲሞላ ወደሚቀጥለው ወር እለፍ ይላል። ነሐሴ 30 ላይ ስድስት ፍሬ አለቀ፤ 24 ይቀራል። ወደሚቀጥለው ወር አለፍኩ። ቀና ብዬ እንደ ኮምፒውተር ሳላፍር አስታወቅሁት፦

«መድኃኒቱ የሚያልቀው ጳጉሜን 24 ነው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሶፋው ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ደብተሩን ነጥቆኝ ጳጉሜን 5 ብሎ አስተካከለ፤ መስከረም 19 መጣ። «በዘመነ ሉቃስስ?» አልኩት። ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍለህ ሦስት ከተረፈ የሉቃስ ዘመን ነው፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ 2015 እንደዚያ ነበረች አልኩት። «አንቺ ይሄን ከየት አወቅሽው?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ለካ እኔም የማስተምረው አለኝ።

ማታ ለእናቱ ደወልኩ። ላፕቶፑ ሳሎን ብቻ እንዲሆን፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንዲዘጋ፣ ጌሙ ቅዳሜና እሑድ እንዲሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ እሷ ራሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ የሠራውን እንዲያነብላት ሐሳብ አቀረብኩ። «እኔ ምን ይገባኛል?» አለች። «አይግባሽ፤ ጮክ ብሎ ሲያነብልሽ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል» አልኳት። «ላስብበት፣ እማዬ» ብላለች። ታስብበት፤ የእናት ጉዳይ ነው።

ለልጁም ያን የሼፊልዱን ልጅ ታሪክ ነግሬዋለሁ፤ የተናገርኩትን ጭምር። ለአንደኛው ሳልለው የቀረሁትን «አላውቅም ነበር፣ አጥፍቻለሁ» ለሁለተኛው አልኩት። ዕዳው ተከፈለ አልልም፤ ባለዕዳው ሌላ ነው።

ላፕቶፑ ዛሬም ከብርድ ልብሶቹ ሥር ነው። ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ሁለቱም፣ እናትና ልጅ፣ ምሳ እኔ ጋ ናቸው።

ሰላም ሰንብቱ።